ዘንበል ያለው የአፍራኮማ ጠረጴዛ

ውድ ወንድሜ ኦፎሪ፣

ታኮራዲ እንዴት ይዞሃል? የባሕሩ ንፋስ ያንን ቀጭን ደረትህን እንዳይመታው ልብስ ደርብ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቼ በምክር መጀመሬ ያስቅህ ይሆናል። ሳቅ፤ ታላቅ እህትህ ነኝ፣ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ጠረጴዛ ሠራሁ። ምስማር ስመታ አውራ ጣቴን የምቀጠቅጠው እኔ አቢና፣ ጠረጴዛ ሠራሁ! ባለፈው ቅዳሜ የልጄ የአፍራኮማ እጮኛ ወገኖች መጠጥ ይዘው፣ በራችንን አንኳኩተው ሊጠይቋት ቀጠሮ ነበራቸው። መጠጣቸውን የሚያስቀምጡበት ጠረጴዛ ግን የለንም፤ የድሮውን ምስጥ ጨርሶታል። ለአናጢ ልዘዝ ብዬ ተነሣሁና እግሬ ተሳሰረ። አንድ ጊዜ አንተን የመሰለ አናጢ ወንድም እያለኝ የሌላ አናጢ ሥራ ገዝቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ስለዚህ ከጓሮ ትተሃቸው የሄድካቸውን ሳንቃዎች አወጣሁ።

ገበታው ብዙም አላስቸገረኝ። ያሳበዱኝ እግሮቹ ናቸው። ከላይ ወደ ታች በረጃጅም ምስማር ቸነከርኳቸው፤ ሁለቱ ተሰነጠቁ፣ ሁለቱ ወደየፈለጉበት ዞሩ። የድሮ የሥራ ባልደረባህን ቶንቶን አስጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ አቢና፣ ይሄ ጠረጴዛ ነው ወይስ ሰክሮ የወደቀ ሰው?»

«አፍህን ዝጋና አሳየኝ!»

«እግር እኮ ገበታው ላይ አይቸነከርም። መጀመሪያ ከሥር ክፈፍ ሥሪለት። እግሮቹን ክፈፉ ላይ በብሎን እሰሪ፤ ገበታው በላዩ ይረፍ።»

«ታዲያ አንተ ሥራልኛ!»

«አፍራኮማ የእህቱ ልጅ ናት፤ ለእሷ መሥራት የአጎቷ ነው። የኦፎሪን ቦታ አልነካም።» ብሎኝ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

አንዱን ማዕዘን ለመግጠም ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስፈታው፣ ስገጥመው፣ ደግሞ ስፈታው ቶንቶ በርጩማው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየ። በኋላ ቀስ ብሎ፣ «የእናታችሁን የሬሳ ሣጥን ማዕዘን ኦፎሪ አራት ጊዜ ነው የፈታው። ለእሷ አይሆንም፣ አይሆንም እያለ። እህል እንኳ አልቀመሰም» አለኝ።

መዶሻውን አስቀመጥኩ። ያንን ሣጥን በዘመድ አዝማድ ፊት «የድሃ ሣጥን ነው፣ እናቴን አታዋርድብኝ» ያልኩህ እኔ ነኝ። የሚያብረቀርቀውን አስገዝቼ አመጣሁ። አንተ ያንተን በትከሻህ ተሸክመህ ከግቢው ስትወጣ አይቻለሁ፤ አይቼም ፊቴን አዞርኩ። እንጨት እንዲህ እምቢ እንደሚል አላውቅም ነበር። ባውቅም ግን እንዲያ መናገር አልነበረብኝም። አፈርኩ ኦፎሪ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ቶንቶም ግራ ገብቶት ብሎኖቹን ይቆጥር ነበር።

ሥራዬ ግን ገና አላለቀም ነበር። ግቢያችን የዝናቡ ውኃ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ተዳፋት ሆኖ የተሠራ መሆኑን ታውቃለህ። እኔ ተወልጄበት ረሳሁት። ጠረጴዛውን እዚያው አቁሜ፣ ላዩ ላይ እንቁላል አስቀምጬ፣ እንቁላሉ መንከባለል እስኪያቆም ድረስ በላይ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች በመጋዝ አሳጠርኩ። ልክ ሆነ! ኩራቴን ብታየው!

ቅዳሜ እንግዶቹ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ሁሉን ወደ ሳሎን አስገባን። የእጮኛው ወገን ሽማግሌ አቶ ቦዋቺ ያመጡትን የሽናፕስ አረቄ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ በክብር አስቀመጡት። ጠርሙሱ ቀስ እያለ መንሸራተት ጀመረ። ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው ያዙት።

«እናንተ! ጠረጴዛችሁ ገና ሳንናገር እምቢ አለን እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቶንቶ ከጥግ ሆኖ፣ «ጥፋቱ የግቢው ነው፣ የእትዬ አይደለም!» ሲል ጮኸ። ካርቶን አጥፈን ካሳጠርኳቸው እግሮች ሥር ሸጎጥን።

ከዚያ አክስቶቻችን እንደ ወጉ አፍራኮማን ጠየቋት። መጠጡን ተቀብለን እሺ እንበላቸው? ዝም አለች። ሁለተኛ ጠየቋት፤ ዝም። ልጁን ትወደዋለች እኮ! በሦስተኛው ቀና ብላ፣ «እወደዋለሁ። ግን አጎቴ ሳይኖር ማን ነው የሚሰጠኝ? እሱ ሲመጣ ጠይቁኝ» አለች።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አጎትየው የት ነው?»

ሥራ በዝቶበት ነው ማለት እችል ነበር። አክስቶቻችን ሁሉ በዓይናቸው እንዲያ በዪ ይሉኝ ነበር። ነገር ግን ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቤተሰብ ፊት ተነሥቼ፣ «የእናቱን ሣጥን በእጁ ሠርቶ ቢያመጣ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

አቶ ቦዋቺ ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ለእጮኛው መለሱለት። «እንግዲያው የተሳሳተ በር ነው ያንኳኳነው። የአጎትየውን ስልክ ቁጥር ስጡን» አሉ።

ሰጠኋቸው። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ነው የምልከው፤ ማክሰኞ ይደርስሃል። አቶ ቦዋቺ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይደውሉልሃል። እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩል፤ በጊዜህ። ግን የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አቢና ናት ብለህ እንዳትዘጋው። ለአፍራኮማ ብለህ አንሣው።

አፏ የሚቀድማት እህትህ፣
አቢና
ማምፖንግ