ኢቅራ የት ትግባ?

ልጄ ቶይባ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ባለሽበት ክፉ አያሳይሽ፤ የጅዳን ሙቀት ያብርድልሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው አሽቷል፣ ወፉ ግን አላስቀምጠን ብሏል። ጉልበቴም እንደተውሽው ነው።

ልጅሽ ኢቅራ ስድስተኛን አልፋለች። አሁን ለሰባተኛ የት ትግባ የሚለው ነገር አደከመኝ። ባለፈው ጁምአ ጎረቤት ሰደቃ ላይ ሴቱ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲያወዳድር ዋለ። አበበች፣ "ገበያው ጀርባ ያለው ይሻላል፤ አስተማሪ አይቀርበትም" አለች። ኡሙሰልማ ደግሞ፣ "እሱማ አምና ነበር! ጥሩ ነው ሲባል ሁላችንም ልጆቻችንን እዚያ አጉረን፣ አሁን መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት" አለቻት። የኛ ሰፈሩ ደግሞ ወንበሩ ሞልቶ አስተማሪው ነው የሌለው። ሁለቱንም በእግሬ ሄጄ አየሁ፤ ወንበርና አስተማሪ አንድ ላይ ያለበት አጣሁ።

ስመለስ ኢቅራን፣ "አንቺስ የቱ ይሻልሻል?" አልኳት።

"እማዬ የተማረችው የቱ ነው?" አለችኝ።

"ይኸው የሰፈራችን ነዋ" አልኳት።

እሷም፣ "እንግዲያው እኔን ገበያው ጀርባ አስገቢኝ። መሬትም ቢሆን እቀመጣለሁ። እዚህ የተማረ ጅዳ ነው የሚሄደው" አለች።



አላህ ሲሳይሽን በደጅሽ ያድርገው፤ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦ ስትደውዪ የትምህርት ቤቱን ወሬ ተዪውና መቼ እንደምትመጪ ንገሪያት።

እናትሽ