ሰገነቱ ላይ የቆመችው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የእጅሽ ሕመም ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ አጎታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን እህል አላስበላ ብሎኛል፤ ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም።

በስልክ እንደነገርኩሽ፣ ልብስ ከምተኩስላት አርክቴክት ቤት ገብቻለሁ። እሷ ለሥራ ሌላ አገር ስትሄድ አበቦቼን ውሃ እያጠጣሽ ቆዪልኝ ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሎፍት ነው የሚሉት፤ ድሮ የክር ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ። ግድግዳ የሚባል ነገር አያውቅም። ወጥ ቤቱም ሳሎኑም አንድ ላይ ነው፤ አልጋው ደግሞ በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። እህትሽ ዶሮ ሆናልሻለች።

ከመስታወቱ በር ወዲያ የራሱ ሰገነት አለው። ከጎረቤት ጋር አይገናኝም፤ መግቢያና መውጫው በሳሎኑ በኩል ብቻ ነው። አበቦቹ እዚያ ናቸው፣ ልብስም እዚያ አሰጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከሥራ ስገባ ሻይዬን ይዤ እዚያ ቁጭ ስል፣ እኔም ሰው ሆንኩ እል ነበር።

አሁን አልወጣም። ሰው አለ እዚያ።

አትሳቂብኝ። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ነጠላ ጫማ ሲጎተት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፍኩ ቀና ስል በመስታወቱ አየኋት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆማለች። አጠገቧ ወንበር አለ፤ አልተቀመጠችም። እማዬ በሰው ደጃፍ እንዴት እንደምትቆም ታውቂያለሽ። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ግቢ ካልተባለች አትገባም። አንቺ ባል ያገባሽ ሰሞን በአንቺው ደጅ ስትገተር እንዴት አድርጋ አስቃን ነበር። ወደ ውስጥ እንዳታፈጥም ፊቷን ዞር ታደርጋለች። ልክ እንደዚያ ነው የቆመችው።

የሕንፃውን ዘበኛ ጠርቼ አስፈተሽኩት። ወፍ ካልሆነ እዚህ የሚደርስ የለም ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግን በር ላይ አስቁሞ ተቆጣኝ፤ ከታች ሆኖ አይቷታል። «እናትሽን በዚህ ፀሐይ ውጪ ታቆሚያታለሽ?» አለኝ። እናቴ መሆኗን ማን ነገረው? እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ እታለም። ስደውል እማዬ ተኝታለች ትይኛለሽ። ሌላ ጊዜ ጎረቤት ሄዳለች ትይኛለሽ፤ እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት ለቤት የምትዞረው? ከዚያ ደግሞ ድምጿ ተዘግቷል ተባለ። አጎታችን ስልኩን ተቀብለው ጤናዬን እንኳ ሳይጠይቁ አብሮሽ የሚኖር ሰው አለ ወይ አሉኝ። ብቻዬን ነኝ ስላቸው ስለ ጣሪያ እድሳት ያወሩኝ ጀመር። በእኛ ቤት ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ ሲኖር፣ መጀመሪያ ብቻዋን ናት ወይ እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው? አጠገቤ ሰው እስኪኖር እየጠበቃችሁልኝ ነው። ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አንጀቴን አሳረራችሁት።

ግቢ ልላት አስብና አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ግቢ ካልኳት መሞቷን ተቀበልኩ ማለት ነው። በሕይወት ያለች እናቴን በገዛ አፌ ልግደላት? ሞታ ከሆነ ደግሞ፣ እናቴን ደጅ አቁሜ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ትናንት ዘነበ። መጋረጃውን ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼ አለቀስኩ።

ካለች ስልኩን አስጠጊላትና አንዴ ትሳል፤ ሳሏን አውቀዋለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ከሌለች ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ። ብቻዬንም ብሆን እችለዋለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ የትንሿን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጊልኝ። አጎታችንን አልተቀየመችዎትም በያቸው። እማዬን ግን በማን በኩል ሰላም እንደምላት ቸገረኝ። በአንቺ በኩል ልበላት፣ ወይስ በሩን ከፍቼ ራሴ?

የምትወድሽ ታናሽሽ
ከፎቁ ጫፍ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን