ሰሌዳው ላይ የሌለች ልጅ

ጅጅጋ፣ የካቲት 21 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወልደሩፋኤል፣

እንዴት ከርመሃል? የሽንሌ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጅህ ሙሉአለም እንዳለን አለን። ሰባት ዓመቷን ያዘች፤ ትራስ ካስደገፍኳት ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። ሱቁም አልተዘጋም። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ አውቅሃለሁ፣ ሲከፋህ አጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ።

እንደ ሙሉአለም ያሉ ልጆች ያሉን እናቶች መሰብሰብ እንደጀመርን በጥቅምት ጽፌልህ ነበር፤ መልስ አልሰጠኸኝም። ነገሩ የተጀመረው የግመል ወተት በምታመጣልን በኤብላ ነው። አንድ ጠዋት ወተቱን እየቸኮለች ስትሰፍርልኝ አይቼ ምን ሆነሽ አልኳት። ልጇ ሳማታር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፣ በር ክፍት ካገኘ የቶጎጫሌን መንገድ ይዞ ይሮጣል። ገበያ ስትወጣ እግሩን ከአልጋው ጋር አስራው እንደምትመጣ ነገረችኝ። ሙሉአለም መጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ ገልጬ አሳየኋት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ፌኔት ልጇን ይዛ መጣች፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ ዘጠኝ እናቶች ሆንን። ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቁ ጓሮ እንገናኛለን፤ ሁለት ሁለታችን በተራ ልጆቹን ስንይዝ የቀሩት ይተኛሉ፣ ያወራሉ፣ ሲላቸውም ባሎቻቸውን ያማሉ። ሳማታርን በሌሎቹ ቀናትም በተራ እንጠብቀው ጀመር፤ ከአልጋው የተፈታው በዚህ ነው።

ጓሮው ጠበበንና የቀበሌውን አዳራሽ ጠየቅን። ጸሐፊው የእናቶቹን ስም ዝርዝር አምጪ አለኝ፤ የእናቶቹን ብቻ። እኔ ደግሞ ሥራ አሳምራለሁ ብዬ የልጆቹን ስም እስከ አያት፣ ከጎኑም ሕመማቸውን ጨምሬ ጻፍኩ። እዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ አንድ ነገር ዘነጋሁ። ለእኛ የአያት ስም መታወቂያ ላይ የሚሞላ ነው፤ ለሶማሌ ግን ሰው የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ የሚታወቅበት ነው። ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት፣ ተቃዋሚ ካለ ለሰባት ቀን ይታይ ተብሎ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። «ሳማታር ጃማ ዐብዲኑር፣ የአእምሮ ሕመም» የሚለውን ያነበበ ሁሉ ቤቱን አወቀው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅም ያው ነው።

የሳማታር እህት ዒፍራህ ለአንድ የሀርሺን ከተማ ከብት ነጋዴ ልጅ ታጭታለች። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች መጥተው ይህ ነገር በዘራችሁ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በማግስቱ ኤብላ ወተት ሳትይዝ ሱቅ መጣች። እንደ ወትሮዋ «አባዮ»፣ እህቴ ብላ አልጠራችኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልላት ስጀምር አስቆመችኝ።

«ወረቀቱን ዒፍራህ አነበበችልኝ» አለች። «የኔ ልጅ አለ። የፌኔት ልጅ አለች። ሁሉም አሉ። ያንቺ የት አለች?»

ወልዴ፣ የስምንቱን ልጅ ጽፌ የራሴን ትቻለሁ፤ ረስቼም አይደለም። ለእናትህ ልጅቷ ሞታለች ብለህ ከጻፍክ ሁለት ዓመት ሆነ፤ እሳቸውም ደብረ ብርሃን ለቅሶ ተቀምጠውላታል። አንተ ስትዋሽ እኔ ዝም አልኩ። ደብረ ብርሃን የሚመላለሱ ያገርህ ሾፌሮች ስሟን አንብበው ወሬ እንዳይወስዱ ብዬ ከዝርዝሩ አስቀረኋት። ያንተን ገመና የሸፈንኩ ይመስለኝ ነበር። ኤብላ ስትጠይቀኝ ግን እኔም በልጄ አፍሬ እንደኖርኩ ገባኝ።

ቀበሌ ሮጥኩ። የሳማታርን ስም ሰርዝልኝ ስለው ጸሐፊው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰባት ቀኑ ሳይሞላ አይነካም አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ወይ ፍንክች። መሰረዝ ካልተቻለ መጨመር አያቅተኝም ብዬ፣ እሱ እየጮኸብኝ፣ ከሳማታር ስም በላይ በእስክሪብቶዬ ጻፍኩ፦ «ሙሉአለም ወልደሩፋኤል ደርሰህ። አትራመድም፣ አትናገርም። እናቷ ሀይማኖት፣ ባለሱቋ።»

ትናንት ማክሰኞ ጓሮው ውስጥ ሙሉአለምን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልመጣም። ሰው አዋርጄ ሰው ልሰበስብ ነው እያልኩ ራሴን ስረግም በሩ ተንኳኳ። ኤብላ ናት፣ ሳማታርን በእጇ ይዛ። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ልጁን ከሙሉአለም አጠገብ አስቀምጣ «ዛሬ ተራው የማን ነው?» አለች። የኔ ነው አልኳት። ምንጣፉ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ሽማግሌዎቹ አርብ ይመለሳሉ። እኔም ሄጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። የዒፍራህ ጋብቻ በኔ ሳቢያ ቢቀር ኤብላን በምን ዓይኔ እንደማያት እንጃ።

ለእናትህም ጽፌላቸዋለሁ። ልጅቷ አለች፣ ይቅር ይበሉን አልኳቸው፤ ይቅርታውን የጠየቅኩት ለሁለታችንም ነው። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ሄዷል። እሳቸው እንደሆኑ መልስ አይጽፉም፣ ራሳቸው ነው የሚመጡት።

መድኃኔዓለም ከሐሩሩም ከክፉ ሐሳብም ይጠብቅህ። ከሽንሌ እዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እናትህ ሲደርሱ በሩን ብቻዬን አታስከፍተኝ።

የሙሉአለም እናት፣
ሀይማኖት