ጣዕም ነው በይኝ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሁለቴ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ ዘጋሁት። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈራሁ። በደብዳቤ ግን ድምፄ አይሰማሽም።

ጌም ቤቱ ደህና ነው። አራቱም ቴሌቪዥኖች ይሠራሉ። ደንበኞቼን ታውቂያቸው የለ? ባለታክሲው ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ይመጣና በጌሙም መኪና ይነዳል። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አይሰለችህም?» ስለው፣ «እዚህ የሚሰድበኝ የለማ!» ይለኛል። መምህሩ ደግሞ፣ ያ ጉንዳን የማይረግጠው፣ ተኩስ ካልሆነ አይነካም። ነርሷ ቀለም በቀለም ከመደርደር ሌላ አታውቅም። እኔም «ሰው በሥራው ያጣውን ነው የሚጫወተው» እያልኩ ስፈላሰፍ ኖርኩ። ፊት አይቼ ጨዋታ የማዝ ሐኪም ነበርኩ እኮ! አፈር በበላሁ።

አባትሽ አውቶቡሱን አቁሞ ሲመጣ ሁሌ የሚይዘው የመኪና እሽቅድምድም እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ከአምና ጀምሮ ተወው። «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሰለቸኝ» አለና ያን መሃል ላይ ብቻ ጡብ የሚደራረብበትን ቀሰስተኛ ጨዋታ ያዘ። እኔም፣ አፌን ቁርጥ ያርገውና፣ «አረጀህ!» እያልኩ ደንበኛ ፊት ሳቅሁበት። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ሰኞ ዕለት ባለታክሲው ተጋጣሚ አጣና አባትሽን በግድ እሽቅድምድሙ ላይ አስቀመጠው። ጨዋታው ላይ ከጎን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። ቤቱ ሁሉ ጮኸ። አባትሽ ጣቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ተላተመ።

«አላየኸውም እንዴ?» አልኩት።

«የቱን?» አለኝ።

ልጄ፣ ይሄ ሰው ነገ ጠዋት ስልሳ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነው!

በማግስቱ በሩ ላይ ቆሜ «አትሄድም» አልኩት። ይቆጣል ስል የአውቶቡሱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠና «እኔም ፈርቼ ነበር» አለኝ። በዚያው ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሟ የዓይን ግፊት የእይታውን ዳር ዳር እንደበላው ነገረችን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታ ይይዘዋል። መሃሉ ደህና ስለሚያይ ሰው ሳይነቃ ይከርማል አለች። ለካ ሰለቸኝ ያለው ጨዋታ ሳይሆን የማያየው ዳሩ ነበር። እንሂድ ብለን ስንነሳ፣ «ልጆች አሏችሁ?» አለችን። «በዘር ይመጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይቆማል።» አባትሽ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ምን ብለሽኝ ነበር? «እማ፣ ያ የሩጫ ጨዋታ አስጠላኝ፣ አሁን ካርታ ብቻ ነው የምጫወተው።» ያኔ ለጎረቤት ሁሉ እያነበብኩ «ልጄ ረጋ አለች» ብዬ ኮራሁ። አሁን ያቺን ወረቀት ስንቴ እንዳነበብኳት አትጠይቂኝ። ፈርቻለሁ ልጄ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ዛሬ ነገ ሳትዪ ሄደሽ ታዪ። የጨዋታ ጣዕሜ ነው የተለወጠው በይኝ፤ ግን ሐኪም ካየሽ በኋላ በይኝ። ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ የምትረግጪውን መሬት ከዳር እስከ ዳር ያሳይሽ።

ናፋቂሽ እናትሽ

ሳልረሳው፦ የወረቀቱን ዳርና ዳር ባዶ ትቼ መሃሉ ላይ ብቻ የጻፍኩት ወረቀት ተርፎኝ አይደለም።