ካርዱን ዛሬ ገዛሁት

ሲያትል፣ ኅዳር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ባየሽ። ክረምቱን እንዴት ወጣሽው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡም እኛም አለን።

ዛሬ ለኮምፒዩተሬ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ካርታውንም ፊደሉንም ሳያደበዝዝ አግዝፎ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ቤልቪው ቢሮ አብሮኝ ካርታ የሚሠራው መልከጸዴቅ፣ «ዌይት አድርግ እንጂ! በስድስት ወር ውስጥ የተሻለው በግማሽ ዋጋ ይወጣል» ብሎ ለመነኝ። እውነቱን ነው። እኔም ታውቂኛለሽ፣ ዋጋ የሚቀንስበትን ሴል ሳልጠብቅ ካልሲ እንኳ አልገዛም። አሁን ግን መጠበቅ አላሰኘኝም። በሥራዬ እንደሆነ ቢሮው ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፤ በዚህ ካርድ ደግሞ ገና ብዙ እሠራበታለሁ።

መኪናዋን ሸጥኳት። ፓርክ ለማድረግ መዞሩ ሰለቸኝ። ከቤታችን ከሾርላይን ቢሮ በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው፤ ሾፌሮቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ቁጥሩን ስጠይቃቸው ይነግሩኛል። ያለፈውን ደብዳቤሽን ልጄ መክሊት ናት ያነበበችልኝ። «ዳድ፣ ዩ ሪድ ኢት»፣ ራስህ አንብበው ብላ አስቸግራኝ ነበር፤ ለአማርኛሽ ይጠቅምሻል ብዬ እሺ አላልኳትም።

ለመሆኑ አባባ ጋዜጣ ራሳቸው ማንበብ ትተው እኛን ማስነበብ የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

በተረፈ ስሜን ለሚያነሳ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አምላክ በጤና ያገናኘን። ስትመልሺልኝ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርገሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኢሳይያስ