የአምብሮስ ማንኪያ

ዋሽንግተን፣ ኦክቶበር 17፣ 1803
ምክር ቤቱ ዛሬ ተከፈተ። ጭቃው ያው። ማደሪያችንም ያው የሚስስ ፕሩዊት ቤት ነው። ከአምብሮስ ጋር አንድ አልጋ... ማንኮራፋቱም ያው!

እራት ላይ እንደ እኛው የምክር ቤት አባል የሆነው ኮርቢን ሁለተኛ ቁራጭ ሥጋ ሊያነሳ ሲል አምብሮስ ሳህኑን በማንኪያ አንኳኳ። "የትኛው አንቀጽ ነው የፈቀደልህ?" ሳቅን። ከእስር ከተፈታ ጀምሮ የገበታችን ልማድ ሆኗል። የፊተኛውን ፕሬዚዳንት በጋዜጣ ነቅፎ ነበር የታሰረው። ያኔ የሁላችንም ቃል አንድ ነበር፦ ሕገ መንግሥቱ ላይ ያልተጻፈ ሥልጣን የለም።

ኦክቶበር 20
ሴኔቱ ውሉን አጸደቀ። ፈረንሳዮቹ ሉዊዚያናን ሸጡልን። አገሩ እጥፍ ሊሆን ነው! ደስ አለኝ... እንዴት አይለኝ? ግን ፕሬዚዳንቱ ከባዕድ መሬት ይግዛ የሚል ሕገ መንግሥቱ ላይ የለም።

አምብሮስ፣ "መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል። አብረን ተነስተን እንጠይቅ" አለኝ። እጁን ጨብጬ ቃል ገባሁለት።

ኦክቶበር 24
ኮርቢን ደረጃው ላይ ያዘኝ። "ማሻሻያ ስንጠብቅ ፈረንሳዩ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ደሞ ይሄኛው ፕሬዚዳንት የራሳችን ሰው እኮ ነው፣ ሂራም!"

የራሳችን ሰው... ለአምብሮስ አልነገርኩትም።

ኦክቶበር 25
አምብሮስ ማሻሻያውን ሊጠይቅ ምክር ቤቱ ፊት ብቻውን ተነሳ። ዞር ብሎ አየኝ። ጉልበቴ ከዳኝ? ውሸት። የከዳሁት እኔ ነኝ። ውሉ ይፈጸም በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥም ከእነ ኮርቢን ጋር "ይሁን" አልኩ።

እራት ላይ ለአምብሮስ ዳቦ የሚያቀብለው ጠፋ። አጠገቡ ነበርኩ። እኔም አላቀበልኩትም።

ኦክቶበር 27
አምብሮስ ዕቃውን ሸክፎ ሊወጣ ሲል፣ "ወደ ተቃዋሚዎቹ ማደሪያ ነው?" አልኩት።

"ያሰሩኝ እነሱ ጋ? ኮርቻ ሰፊው ጋ ክፍል አግኝቻለሁ።" በሩን ይዞ ቆመ። "እስር ቤት መጥቶ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነበር፣ ሂራም።"

እኔን ማለቱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ሰፋብኝ።

ኦክቶበር 28
ሌላ ሕግ አሳለፍን። ሉዊዚያና ላይ ጦሩም፣ ዳኝነቱም፣ አስተዳደሩም ፕሬዚዳንቱ በሚሾማቸው ሰዎች እጅ ይሆናል። ፈረንሳዮቹ ገና ስላልተረከቡት አገሩን የያዙት የስፔን ንጉሥ ሹማምንት ያላቸው ሥልጣን፣ እንዳለ። የአገሩን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? እኔ እንደሆን "ይሁን" ብያለሁ።

ሚስስ ፕሩዊት የአምብሮስን ሳህን ከገበታው አንስታዋለች። ኮርቢን ሦስተኛ ቁራጭ አነሳ። አንቀጹን የጠየቀው የለም። ማንኪያዬን ብድግ አደረግኩ... ሁሉም አዩኝ።

"ምነው ሂራም?" አለ ኮርቢን።

"ምንም... ጨው አቀብለኝ።"