ጉም ያደረግሁት ጋቢ

ማክሰኞ

የመመረቂያ ሥዕሌ ጀሶ እንደገና ተሰነጠቀ። በግራ በኩል፣ ልክ ቤቶቹ የሚጀምሩበት ላይ። ትናንት ደፍኜው ነበር፣ ዛሬ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ቡሬ ቀን ይጠብሳል፣ ሲመሽ ያቀዘቅዛል፤ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ይብሳል። ባሕር ዳር ቦታ ጠበበኝ ብዬ የእህል መጋዘን ውስጥ ልሥራ ያልኩት እኔው ነኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

የቀረኝ፦ ስንጥቁን መድፈን። የሦስቱን ኮምፔንሳቶ መጋጠሚያ መደበቅ። ለጣራዎቹ ጭድ ማጣበቅ። መሃሉን መሥራት፤ መሃሉ ገና ቀይ አፈርና ኮላ ብቻ ነው። እሑድ አይሱዙ ላይ ማስጫን። ሰኞ ባሕር ዳር ዳኞቹ ፊት ማቆም። ካላቆምኩ የዘንድሮ ምርቃት ቀረ ማለት ነው።

ጋሼ ምናለ በር ላይ ቆመው አዩኝ። የአክስቴ ባል ናቸው፣ የመጋዘኑ ባለቤት። «ልጄ፣ በቆሎው እሑድ ይገባል። ይኸ ቁምሳጥንሽ መች ነው የሚወጣው?» ሥዕሌን ቁምሳጥን ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው፣ ከሳቸው ቁመት ይበልጣል። ስቄ «እሑድ ጠዋት» አልኳቸው። ሳቁ ግን የውሸት ነበር።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር። እማዬ ለሥዕሌ የጠየቅኳትን አሮጌ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ፣ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ላከችልኝ። ቀሚስ፣ የተበጣጠሰ ሸሚዝ፣ የወንድሜ የተማሪ ሱሪ። ከሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አንድ ነጭ ጋቢ። ጥለት የሌለው፣ የእጅ ፈትል፣ ማንም ለብሶት የማያውቅ። አሪቲ አሪቲ ይሸታል። እማዬ ሳትነግረኝ ለሥራዬ ብላ የጨመረችው መሰለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ወዲያው ኮላውን በውኃ አቀጠንኩ፣ ነከርኩት፣ መሃሉ ላይ እያጨማደድኩ ለጠፍኩት። ከዚያ ወደ በሩ ሸሽቼ አየሁት።

ጉም! በክረምት ጠዋት ከማሳችን ላይ የሚነሳው ጉም ራሱ። ስንት ጊዜ በቀለም ሞክሬ እምቢ ያለኝ ነገር በአንድ ጋቢ ተሠራ። ብቻዬን እልል አልኩ። ጋሼ ምናለ ደንግጠው መጡ።

ረቡዕ

ጠዋት ኔትወርክ ሲመጣ ለአማካሪዬ ፎቶ ላክሁ። ሰውየው ማመስገን አያውቅም። ዛሬ ግን ራሱ ደወለ። «መሃሉን እንዳትነኪው። ሥራውን የተሸከመው እሱ ነው። ያለሱ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው ያለሽ» አለኝ። ደስታዬን ለማን ልንገር እያልኩ ሳለ እማዬ ደወለች።

«አንች፣ ያ የላክሁልሽ ማዳበሪያ ውስጥ የአባባ ነገር አለ?»

አባባ አያቴ ናቸው፣ የእማዬ አባት። አብረውን ነው የሚኖሩት። ከትናንት ጀምሮ ቤቱን ሲያምሱት ውለው አድረዋል፣ ምን እንደሚፈልጉ ግን አልተናገሩም ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያወጡት፤ መገነዣዬ ጠፋ አሉ። ሲሞቱ የሚገነዙበትን ጋቢ ነው የሚፈልጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሳጥናቸው ውስጥ አይታው እማዬ ጮኸችባቸው፣ «ምን ሞት ይጠራሉ! ከዓይኔ ያርቁልኝ!» ብላ። እሳቸውም አራቁላት። ከጣራው ማገር የሚንጠለጠለው የአሮጌ ልብስ ማዳበሪያ ሥር ከተቱት። ማን ቡትቶ ይበረብራል ብለው። ለማንም አልተናገሩም። እማዬም ምኑንም ሳታይ አፉን አስራ ላከችልኝ።

«እስቲ ልየው» አልኳት። እያየሁት ነበር እኮ። ፊት ለፊቴ ነው። ጫፉ ገና አልደረቀም።

ስልኩን ዘግቼ ጭዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ወይኔ ጉዴ። የሰው መገነዣ በኮላ ለጥፌ እልል አልኩበት!

ሐሙስ

አልተናገርኩም። እማዬ ሁለቴ ደወለች፣ አላነሳሁም። ፈሪ ነኝ፣ ይጻፍ።

ዕቅዴ ይህ ነበር፦ ገበያ ሄጄ ተመሳሳይ ጋቢ መግዛት፣ አሪቲ ማሸት፣ በፌስታል ጠቅልሎ መላክ። አባባ ዓይናቸው ደክሟል። ማን ያውቃል?

አክስቴን እታገኝን፣ የእማዬን እህት፣ ይዣት ወጣሁ፣ ዋጋ መከራከር አልችልማ። ሸማ የሚሸጡት ጋ ስደርስ እያንዳንዱን ጋቢ በጣቴ ማሸት ጀመርኩ። ይኸኛው ቀጭን ነው፣ ያኛው የፋብሪካ ክር ነው። አክስቴ አየችኝና «ጋቢ ለማን ነው? ማን ሊያገባ ነው?» አለች። መሃል ገበያ፣ ጥላ የያዘች ሴትዮ እየገፋችን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የያዝኩትን ጋቢ ከእጄ ወስዳ ለባለቤቱ መለሰችለት። «እማማ ናት የፈተለችው» አለችኝ። እማማ ሴት አያቴ ናት፣ እኔ ሳልወለድ ነው ያረፈችው። ሁለት ጋቢ እኩል ፈትላ አሠርታለች፣ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለአባባ። በራሷ ተገንዛ ሄደች። የቀረው ያ ነው።

«ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን አልደከመም። ሲነኩት ያውቁታል» አለች አክስቴ። ደግሞም፣ «ነገ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። ከሌላ ሰው ከሰሙ እኔም አላናግርሽ» አለች።

ጭዱን አልለጠፍኩም። ስንጥቁንም አልደፈንኩም። ቀኑ እንዲሁ ሄደ።

ዓርብ

ሚኒባስ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ባጃጅ እስከ ወንዙ፣ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። «አባባ፣ አንድ ነገር አለ፣ እንዳይቆጡ።» የለም። «አባባ፣ ጋቢዎ በደህና እጅ ነው።» ይህስ ዓይን ያወጣ ውሸት።

አባባ ደጅ፣ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልቀመጥ አፈረጥኩት። እማዬ ከውስጥ «በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ። አባባ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«ተቀደደ?»

«የለም፣ አባባ።»

«ተቆረጠ?»

«አልተቆረጠም። ተለጥፎ ነው። ቢነከር ይለቃል መሰለኝ።»

ይህን ስናገር እኔው ተስፋ አገኘሁና ደፈርኩ። እስከ ሰኞ ብቻ ይቆይልኝ አልኳቸው። ዳኞቹ ይዩት፣ ከዚያ ልጬ፣ አጥቤ፣ በእጄ አመጣዋለሁ። የዓመታት ትምህርቴ እሱ ላይ ነው አልኳቸው። ለመንኩ። አለቀስኩም።

«እስከ ሰኞ እንደምቆይ ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። የዝናቡን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባባ ቀጠሉና፣ «ብትጠይቂኝ ኖሮም እምቢ እልሽ ነበር፣ ልጄ። እንዳትታለይ ብዬ ነው። እሷ በፈተለችው ነው የምሄድ» አሉ። ከዚያ ምሳ በልቼ እንድሄድ አዘዙ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተናደድኩ። በሳቸው፣ በእማዬ፣ በማዳበሪያው፣ በራሴ። ለሦስት ቀን እኮ ነው! ምናለበት! ቡሬ ስደርስ ንዴቱ አልቆ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ጋቢው የኔ አይደለም።

ቅዳሜ

አክስቴ ውኃ አሞቀች። በጨርቅ እየነከርን፣ ከጫፉ ጀምረን፣ ቀስ እያልን ላጥነው። አንዳንዱ ቦታ እሽ ብሎ መጣ፣ አንዳንዱ ቦታ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። «ቀስ! ቀስ በይ!» ስትለኝ ጮህኩባት። ይቅርታ ጠየቅኳት። እንደገና ጮህኩባት። ጣቶቼ ተላጡ። ጋሼ ምናለ አንዴ ብቅ ብለው አዩንና በሩን ዘግተውልን ሄዱ።

ለቀቀ። ሙሉውን! አንድም ቦታ አልተቀደደም።

ሦስቴ አጠብነው። ኮላው ወጣ። አንዱ ጫፍ ላይ ግን፣ መዳፍ የሚያህል ቀይ እድፍ ቀረ። ሥር ከቀባሁት አፈር ነው። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት። በረኪና ላንሳ ስል አክስቴ እጄን መታችኝ፣ «ፈትሉን ልታስበይው ነው?» ብላ። ከነእድፉ ሰጣነው።

ሥራዬ መሃሉ ባዶ ነው። ቤቶቹ አሉ፣ ባሕር ዛፉ አለ፣ መሃል ላይ ራቁቱን የቀረ ቀይ መሬት፣ እዚህም እዚያም የፈትል ጭረት። ሌላ ጨርቅ ልለጥፍ ብዬ ጀመርኩ፣ አንሶላ መሰለ፣ ቀድጄ ጣልኩት። ቀለም ሞከርኩ፣ አበላሸሁ፣ ጠረግሁ። በመጨረሻ ስንጥቁን ብቻ ደፈንኩ፣ ጭዱን ለጠፍኩ፣ መሃሉን ተውኩት። ፎቶ ላክሁ።

አማካሪዬ ወዲያው ደወለ። «ምን ነካሽ? መሃሉን ምን በላው?»

«ባለቤቱ ፈለገው።»

«ዳኞቹንም እንዲህ ልትያቸው ነው?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

ተነፈሰ። «እንግዲህ ራስሽ ተከራከሪ። እኔ የለሁበትም» ብሎ ዘጋው።

እሑድ

ይህን የምጽፈው አይሱዙው ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ሆኜ ነው። መኪናው ስለሚንገጫገጭ ጽሑፌ አይነበብም። መንገዱ ከሰዓት ይዘጋል የሚል ወሬ ስላለ ሾፌሩ ቶሎ ቶሎ ይላል። ከኋላ ሥራዬ በሸራ ተጠፍሯል። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል።

ጋቢውን እማዬ መጥታ ትወስደዋለች ብዬ ነበር። አባባ ራሳቸው መጡ። ከቅዳሴ እንደወጡ፣ እማዬን አስከትለው፣ በሚኒባስ። ጫኞቹ ሰዎች ሥራውን ተሸክመው ከመጋዘኑ ሲያወጡ ነው የደረሱት። «አቁሙት እስቲ» አሉ። ሾፌሩ አጉረመረመ፣ ግን አቆሙት። ቀረብ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጭዱን፣ ጀሶውን፣ የመሃሉን ባዶ።

«እዚህ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ። ጉም አድርጌው ነበር።»

«ያምር ነበር?»

«በጣም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋቢውን ሰጠኋቸው። ዘረጉት፣ ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ሄዱበት። እድፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ብዙ አጥበነዋል፣ አልለቅ አለ፣ ይቅር ይበሉኝ እያልኩ መንተባተብ ጀመርኩ።

«የምን አፈር ነው?»

«የኛው ነው። ከታችኛው ማሳ፣ ከእማማ መቃብር በላይ ካለው። ቀለሙ ደስ ስለሚለኝ ነው ከዚያ ያመጣሁት።»

እማዬ ፊቷን አዞረች። አባባ እድፉን በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ሊያስለቅቁት አልነበረም።

«እንግዲያ አትልፉ፣ ተዉት። ዞሮ ዞሮ የምገባው እሱው አፈር ውስጥ ነው» አሉ።

እዚያው፣ ሰዎቹ ፊት፣ አለቀስኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ነገ ዳኞቹ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ሊጥሉኝ ይችላሉ። ልንነሳ ስንል በመስኮቱ እጄን አውለበለብኩ፤ አክስቴም፣ እማዬም፣ ጋሼ ምናለም መለሱልኝ። አባባ ብቻ አላውለበለቡም። በሁለት እጃቸው ጋቢውን ይዘው ነበር።